የአማቴን ሳንባ ላስለካ ሄጄ

እኔ ነገሌ ቦረና ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። የምኖረው በትንፋሼ ነው ማለት ይቻላል። ፊሽካዬን ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ስነፋ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል፤ ትራፊክ መስሎት ዳር የያዘ ሾፌርም አለ ይባላል። ስለዚህ ከሰውነቴ ክፍሎች ሁሉ ስለ ሳንባዬ ተጨንቄ አላውቅም ነበር። ጉልበቴን አማዋለሁ፣ ጥርሴን አማዋለሁ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፀጉሬን ራሱ አማዋለሁ። ሳንባዬን ግን እንደ ጥሩ ጎረቤት ትቼው ነበር የምኖረው። አሁን የደረስኩበትን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ እኔ ሰው ፊት መሳቅ ስለተከለከልኩ የኔንም ጨምራችሁ ሳቁልኝ።

ነገሩ የጀመረው በአማቴ ሐሞት ነው። አማቴ ኦቦ ጋልጋሎ ይባላሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሊበን ውስጥ ከብት ያላቸው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥምጥማቸው ከራሳቸው የማይወርድ ቦረና ናቸው። እኔ ደግሞ አያቶቼ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ነገሌ ተወልጄ በአማርኛና በኦሮምኛ አንድ ላይ አፌን የፈታሁ ሰው ነኝ። ልጃቸውን ሎኮን ካገባሁ ወዲህ ከአማቴ ጋር የነበረን ወሬ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ናጋ?» ይላሉ፤ ሰላም ነው? ማለታቸው ነው። «ናጋ» እላለሁ። ከብቱ ደህና ነው? ደህና ነው። ዝናቡስ? ይመጣል። ከዚያ እሳቸው ወደ ምሥራቅ፣ እኔ ወደ ምዕራብ እናያለን።

አይጠሉኝም። ብቻ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ እያስሮጠ ደሞዝ የሚበላ አማች እንዳላቸው ለጎረቤት እንዴት እንደሚያስረዱ አያውቁም። አንድ ቀን በሜዳው በኩል ሲያልፉ ስሠራ አይተውኝ፣ ማታ ሎኮን «ልጆቹ ምን ሰርቀውት ነው የሚያባርራቸው?» ብለው ጠይቀዋታል።

እኚህ ሰው ቀኝ ጎናቸውን እየወጋቸው ከከብቶቻቸው ኋላ መሄድ አቃታቸው። ሐዋሳ ወስደን በአልትራሳውንድ ሲታዩ የሐሞት ከረጢታቸው ጠጠር ሞልቶታል። ቀዶ ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ይውጣ አለ። ግን ለብዙ ዘመን ትንባሆ ስለለመዱና ስለሚያስላቸው፣ ማደንዘዣ ከመሰጠታቸው በፊት ሳንባቸው ይለካ ብሎ አዘዘ። እዚያ ወረፋው ረጅም ነበር። ነገሌ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም በከፈተችው ክሊኒክ መሣሪያው መግባቱን ስለሰማን ወደ አገራችን ተመለስን።

ሎኮ አባቷን የማስለካቱን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። እሷ መሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ነበረባት። ደግሞም «አንተ የትንፋሽ ሰው ነህ» አለችኝ። ከመውጣቴ በፊት ግን በር ላይ ይዛኝ አንድ ነገር ነገረችኝ። አባቷ መቀደድ አይፈልጉም፤ ሳንባቸው ደካማ ነው ቢባሉ ደስ ብሏቸው ወደ ከብታቸው ነው የሚመለሱት። ጠጠሩ ደግሞ አንድ ቀን መተላለፊያውን ከዘጋ ሊገድላቸው እንደሚችል ሐኪሙ ነግሯታል። «በደንብ እንዲነፉ አድርግልኝ» ስትል ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እኔም እንደ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ክሊኒኩ ጠባብ ስለሆነ ተራ የሚጠብቀው ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር የምርመራው ክፍል በር ሥር ነው። በሩ በመጋረጃ ነው የሚዘጋው። በሌላ አነጋገር ዶክተሯ የምትመረምረው በጉባኤ ፊት ነው።

መሣሪያዋ ከላፕቶፕ ጋር በገመድ የተያያዘች፣ የወፍራም ካርቶን ቱቦ የሚሰካባት ትንሽ ነገር ናት። ዶክተሯ አሠራሯን በአማርኛ አስረዳችኝ፤ እኔ በኦሮምኛ ለአማቴ ልተረጉም። መሣሪያዋ የምታውቀው ሰውየው ምን ያህል አየር እንዳወጣ ብቻ ነው። ይብዛ ይነስ ግን በራሷ አታውቅም። ስለዚህ ሆዷ ውስጥ የብዙ ጤነኛ ሰዎች ልኬት ተቀምጦላታል። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ጾታና ዘር ሲነገራት፣ እንዲህ ያለ ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ይነፋል ብላ ማነጻጸሪያ ታወጣለች። ከዚያ የታማሚው ከማነጻጸሪያው ስንት እጅ እንደሆነ ከመቶ ታሰላለች።

ይህን ሁሉ ወደ ኦሮምኛ ስመልሰው አጠር አለብኝ። «አንቱን የሚመስል ጤነኛ ሰው አለ፤ ከሱ ጋር ነው የሚወዳደሩት» አልኳቸው።

አማቴ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ። «የማን ልጅ ነው?» አሉ።

የሚታይ ሰው እንዳልሆነ፣ ከብዙ ሰው ተጨምቆ የወጣ ቁጥር እንደሆነ አስረዳኋቸው። አልተዋጠላቸውም። ካላዩት ሰው ጋር ከብት እንኳ እንደማይለዋወጡ ነገሩኝ።

ዶክተሯ መጠየቅ ጀመረች። ወንድ የሚለውን ራሷ ሞላች። ቀጥላ ዘራቸውን ጠየቀች። እኔም ሳላስብ «ጎሳዎ ምንድን ነው?» ብዬ ተረጎምኩት። ቦረናን ጎሳውን መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ነገሌ ተወልጄ ባድግም በዚያች ደቂቃ ረሳሁት። አማቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሰቦ ናቸው፤ ከሰቦም ካራዩ ናቸው፤ ከካራዩም የእነ እገሌ ቤት ናቸው። አባታቸውን ጠሩ፣ የአባታቸውን አባት ጠሩ፣ የሱንም አባት ጠሩ። ከወንበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ በመጋረጃው በኩል አንዱን ቅድመ አያት ዘለልከው ብለው አረሟቸው። ክርክር ተነሳ። ዶክተሯ ጣቶቿን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጣ፣ የሚጻፍ ነገር እስኪመጣ ትጠብቃለች።

ፋታ ሲያገኙ «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ካራዩ ነኝ ነው የሚሉት።»

ወደ ስክሪኑ አየች። «ካራዩ የለም። ያለው ነጭ፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የእስያ ሰውና ሌላ ነው።» የኛ አገር ሰዎች ልኬት በበቂ ሁኔታ ስላልገባበት «ሌላ» የሚለው ይሻላል አለች።

ይህንንም ተረጎምኩ። አማቴ መጀመሪያ ጥቁር አሜሪካዊ የተባሉት ከብት አላቸው ወይ ብለው ጠየቁ። አላውቅም አልኩ። ከዚያ ነገሩ ገባቸውና ፊታቸው ጠቆረ።

«ሌላ?» አሉ። «ሌላው እሱ ነው። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ወንበሩ ላይ ያለው ሕዝብ ትክክል ነው አለ። ዶክተሯ ግን «ሌላ»ን ተጭና ወደ ዕድሜ አለፈች።

የአማቴ መታወቂያ ዕድሜያቸው ሃምሳ ሁለት ነው ይላል። ይህን መታወቂያ ያወጡት ወረዳ ላይ ተሰልፈው ሲሆን፣ ጸሐፊው ቸኩሎ ስለነበር በመልካቸው ገምቶ ነው የሞላላቸው። የበኩር ልጃቸው መታወቂያ ደግሞ አርባ ዘጠኝ ይላል። በመንግሥት ሰነድ መሠረት አማቴ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱት በሦስት ዓመታቸው ነው። ዶክተሯ ሃምሳ ሁለትን አላመነችም። ዕድሜው ሲቀንስ ማነጻጸሪያው ከፍ እንደሚል፣ ሽማግሌውን ከጎልማሳ ጋር አወዳድራ ጤነኛውን በሽተኛ ልታደርገው እንደምትችል ነገረችኝና እውነተኛውን ዕድሜ ጠየቀች።

አማቴ በገዳ ቆጠሩላት። በአንዱ ገዳ ጥጃ ይጠብቁ ነበር፤ በሚቀጥለው ግመል ይዘው ወደ ሞያሌ ወርደዋል፤ በሚቀጥለው አግብተዋል። አንድ ገዳ ስምንት ዓመት ስለሆነ እኔ በጣቴ እየደመርኩ ተከተልኩ። ወንበሩም ይደምራል። አንዲት ሴት ከብቱ ያለቀበት ድርቅ ከሠርጋቸው በፊት ነው ስትል፣ ሽማግሌው ከሠርጋቸው በኋላ ነው አሉ፤ እኔም ሥሌቴ ጠፋኝና ከጥጃው ጀመርኩ። በመጨረሻ ሰባ አራት ላይ ተስማማን። ስምምነቱ የተደረሰው አብዛኛው ሰው ስለደከመው ነው።

ቁመት ቀረ። ግድግዳው ላይ ሲቆሙ ዶክተሯ ጥምጥሙ ይውለቅ አለች፤ ጥምጥም ቁመት ጨምሮ ውጤት ያዛባል። አማቴ በልጃቸው ባል ፊት ራሳቸውን ሊገልጡ አልፈለጉም። ስለዚህ እኔ ፊቴን ወደ መድኃኒት መደርደሪያው አዙሬ፣ ተለክተው ተጠምጥመው እስኪያበቁ የተቅማጥ ሽሮፕ ማብራሪያ አነበብኩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መንፋት መጣ። አፍንጫቸው በመቆንጠጫ ተያዘ፣ ቱቦውን ጎረሱ። ዶክተሯ እስኪበቃቸው አየር እንዲስቡ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ በኃይል እንዲነፉና እስኪያልቅ እንዳያቋርጡ ነገረች። አማቴ ትኩስ ወተት እንደሚያበርድ ሰው እፍ አሉ። መሣሪያዋ አልተቀበለችም። ደገሙ፤ እንደገና እፍ። ሦስተኛውን ጭራሽ በአፍንጫቸው ሊነፉት ሞከሩ። ከዚያ ቱቦውን አስቀምጠው፣ በተረጋጋ ፊት «ትንፋሽ የለም» አሉኝ። «ለሎኮ ንገራት።»

የሎኮ ቀይ ዓይን ታየኝ። ዶክተሯን፣ እኔ ላሳያቸው፣ እኔ በሙያዬ የትንፋሽ ሰው ነኝ አልኳት። ጥሩ ሐሳብ ነው ብላ አዲስ ቱቦ ሰክታ፣ ለእኔም ዕድሜና ቁመት ጠይቃ ሞላች። በዚያ መሀል ወንበሩ ላይ የድርቁ ክርክር እንደገና ተነስቶ፣ አንዴ ወደኔ አንዴ ወደ መጋረጃው እያየች ነበር የምትጽፈው። እኔ ቱቦውን ጎረስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የወረዳ ፍጻሜ ጨዋታ ማብቂያ ፊሽካ የምነፋ መስሎኝ፣ ጆሮዬ እስኪጮህ ነፋሁ። ስጨርስ ክፍሉ ዞረብኝ፤ በኩራት ወደ አማቴ አየሁ።

ዶክተሯ ስክሪኑን አየች። እንደገና ንፋ አለችኝ። ነፋሁ። እንደገና አለችኝ። ሦስቱም አንድ ዓይነት መጡ።

«ያስልሃል?» አለችኝ።

«አላስለኝም ነበር» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ያን ጊዜ ጀመረኝ።

ስልሳ አራት ነኝ። ከመቶ ስልሳ አራት። ወደ ሰማንያና ከዚያ በላይ ቢሆን እንደማያስጨንቅ፣ ስልሳ አራት ግን ሐዋሳ ሄጄ እንደገና ልታይ የሚገባ መሆኑን ነገረችኝ። ቁጥር ብቻውን በሽታ አይደለም፣ አትደንግጥ ብላኛለች፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ከመጋረጃው ወዲያ ማንም አልሰማውም። ስልሳ አራትን ግን ሁሉም ሰማ። ለአማቴ እኔ ሳልተረጉም ወንበሩ ተረጎመላቸው፤ ከመምህሩ ሳንባ ሲሶው የለም ተባለ።

አማቴ ልጃቸውን ካገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሱ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ መቆንጠጫውን ራሳቸው አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፣ ቱቦውን ያዙ። አንድ ትንፋሽ ሳቡ፤ ክፍሉ ውስጥ ለኛ የቀረ አየር ያለ አልመሰለኝም። ከዚያ ነፉ። ዶክተሯ «ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ» ትላለች፤ እኔም ቀጥሉ እላለሁ፤ ወንበሩም በኦሮምኛ ቀጥል ይላል። የአንገታቸው ሥር ገመድ መሰለ። ሦስት ጊዜ ነፉ። ዘጠና ስድስት።

ወንበሩ አጨበጨበ። አማቴ ቀና ብለው ቆሙ፤ ያ የማይታየው ሰው በአራት ብቻ ነው የበለጣቸው፤ ያም ቢሆን ማንም አላየውም። ይህ ደስታ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደኔ ዞረው «አሁን ይህ ምን ማለት ነው?» አሉ። ለኦፕራሲዮኑ ብቁ ነዎት ማለት ነው አልኳቸው። ተቀመጡ። እልህ የት እንዳደረሳቸው የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። እሳቸው ሐዋሳ የሚሄዱት እኔም ሄጄ ከታከምኩ ብቻ ነው። ሲሶ ሳንባ የጎደለው ሰው ልጃቸውን ይዞ እዚህ ተቀምጦ፣ ሙሉ ሳንባ ያለው እሳቸው የሚቀደዱበት ምክንያት አይታያቸውም። የምፈራና የምቀር መስሏቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። እሺ አልኩ።

ነገሌ ትልቅ ከተማ አይደለችም። እኔ ከክሊኒኩ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ሎኮ ቢሮ ደርሶ ስብሰባው ተቋርጧል። ሎኮ አለቀሰች፤ ከዚያ አባቷ ዘጠና ስድስት መሆናቸውን ሰምታ ሳቀች፤ ከዚያ እኔን አይታ እንደገና አለቀሰች። የውኃ ጀሪካን እንዳላነሳ ተከለከልኩ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስገባ ርዕሰ መምህሩ በክብር አስቀምጦኝ፣ እስክድን ድረስ የቼዝ ክበብ እንድመራ ወሰነ። ቼዝ አልችልም። ተማሪዎቼ በጣም ረጋ ብለው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለዩ ያናግሩኝ ጀመር፤ የጎደለኝ ጆሮ ይመስል።

እኔስ ብትሉኝ፣ ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሼን ማዳመጥ ለምጄ ነበር። ደረጃ ስወጣ እቆማለሁ። ትምህርት ቤታችን ያለው ደረጃ ሦስት እርከን ነው።

ከሁሉም የተለወጡት አማቴ ናቸው። በየጠዋቱ ከሊበን በሚመጣው አይሱዙ የግመል ወተት ይልኩልኝ ጀመር። ሲመጡም «ናጋ» ብለው ወደ ምሥራቅ ማየት ቀረ፤ አጠገቤ ተቀምጠው ስተነፍስ ያዩኛል። አንድ ቀን ሳንባህ ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ከሆነ ያን ሁሉ ልጅ ስታባርር እንዴት አልሞትክም ብለው ከልባቸው ጠየቁኝ። የኔ ሥራ ከባድ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አመኑ።

ወደ ሐዋሳ ስንሄድ መኪናው ላይ ጋቢናውን ለእኔ አስለቀቁልኝ፤ የሐሞት ጠጠር ያለባቸው እሳቸው ከኋላ ተቀመጡ። እምቢ ብል ሾፌሩ ራሱ ተቆጣኝ። በየፌርማታው ስንወርድ አማቴ ለተሳፋሪው ሁሉ ታሪኬን ይነግራሉ። ቦሬ ስንደርስ ጉሙና ዝናቡ መጣ። እኔ ቆላ ያደግሁ ነኝና ተንቀጠቀጥኩ። አማቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉኝና፣ እሳቸው በሸሚዝ ብቻ ዝናቡን እያዩ ቆሙ። ጎናቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። የዚያን ጊዜ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን እኚህን ሰውዬ ኦፕራሲዮን ሳላስደርግ አልመለስም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ሐዋሳ በደረስን ማግሥት፣ እሳቸው ለነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ተመዘገቡ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ ወደ ሳንባ ምርመራ ገባሁ፤ እሳቸው ኮሪደር ላይ ይጠብቁኛል። ባለሙያው ወፈር ያለ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ከነገሌ የያዝኩትን ውጤት አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ። ወረቀቱን አየ። እንደገና እኔን።

«ተነስ እስቲ» አለኝ። ተነሳሁ።

«ቆመሃል?»

«ቆሜያለሁ።»

«እዚህ ላይ ቁመትህ አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት ነው የሚለው።»

እኔ አንድ ሜትር ከስልሳ ዘጠኝ ነኝ። ዶክተሯ በድርቁ ክርክር መሀል ስድስትና ዘጠኙን ቦታ አቀያይራ ጽፋዋለች። መሣሪያዋም የነገሯትን አምና፣ እኔን አጭሩን ሰውዬ በጣም ረጅም ከሆነ ጤነኛ ሰው ጋር ስታወዳድር ሰንብታለች። ባለሙያው እየሳቀ በትክክለኛው ቁመቴ አስነፋኝ። ዘጠና። ጤነኛ ነህ፣ ከቅርጫት ኳስ ተጫዋች ጋር አወዳድረውህ ነው አለኝ። ልስመው ነበር የቀረኝ። ያን ሁሉ ቀን ሦስት እርከን ደረጃ ላይ የቆምኩት በሰው ቁመት ነው።

ወደ በሩ ሄጄ እጄን መዝጊያው ላይ ሳደርግ ነገሩ ታወሰኝ። አማቴ እዚህ የመጡት እኔ በሽተኛ ስለሆንኩ ነው። ደህና ነኝ ካልኳቸው ዛሬውኑ መናኸሪያ ናቸው። እዚያው ቆሜ ሎኮ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ እልል ልትል ጀምራ አፏን ያዘች።

«አባባ የት ነው?» አለችኝ።

«ኮሪደር ላይ።»

«ሳል» አለችኝ።

እየሳልኩ ወጣሁ። አማቴ ከመቀመጫቸው ተነስተው ክንዴን ያዙኝ። ምን አሉህ ሲሉኝ፣ እንደገና ይታያል፣ ገና ነው አልኩ። ያን ቀን እራት ላይ የራሳቸውን ሥጋ ወደኔ ገፉት። በላሁት። ጤነኛ ሰው ሆኜ የበሽተኛ ሥጋ መብላት እንዲህ የሚከብድ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አረንጓዴውን የኦፕራሲዮን ልብስ አልብሰዋቸው፣ ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ በተሽከርካሪ አልጋ ሊወስዷቸው መጡ። ራሳቸውን ያለ ጥምጥም ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ፀጉራቸው ስስና ነጭ ነው። ፊቴን ላዞር ስል በእጃቸው ጠሩኝ።

«አትፍራ» አሉኝ። «እኔ ቀድሜ እገባለሁ። እኔ ከወጣሁ አንተም ትገባለህ፣ አንተም ትወጣለህ።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የሎኮ ዓይን ትዝ አለኝና ዘጋሁት። በመሀል የወጣው ሳል የውሸት አልነበረም፤ እንባዬ ነው መንገድ የሳተው። አልጋውን ገፍተው ወሰዷቸው። በሩ ሲዘጋ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ፣ እውነቱን ሳያውቁ ለኔ ብለው ገብተው ነው። ለሎኮ ምን እላለሁ፣ ለሊበን ሽማግሌዎች ምን እላለሁ እያልኩ ስጨነቅ፣ በእውነት ትንፋሽ አጠረኝ። ያን ሰዓት ብለካ ስልሳ አራትም አልሞላም ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ጠጠሮቹን በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ሰጠኝ። አማቴ ነቅተው መጀመሪያ የጠየቁት ጥምጥማቸውን ነው፤ ቀጥለው እኔን። በሦስተኛው ቀን ትራስ ተደግፈው ብልቃጡን እያንቀጫቀጩ፣ እነዚህ ሁሉ እኔ ውስጥ ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ሰላም አላሉኝም እያሉ ሲቀልዱ፣ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩምና ነገርኳቸው። የዶክተሯን ጣት፣ ስድስትና ዘጠኙን፣ ዘጠናውን፣ ሁሉንም።

ብልቃጡን አስቀመጡ።

«ሎኮ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«እኔ ከመግባቴ በፊት ታውቅ ነበር?»

«ከመግባትዎ በፊት።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነርስ ልጠራ ስል፣ እየሳቁ ነው። ስፌቱ ስላመማቸው ጎናቸውን ይዘው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ሳቁ።

«እስከ ዛሬ ልጄን ያገባህ መምህር ነበርክ» አሉኝ። «ከሷ ጋር ሆነህ እኔን ካታለልክ እንግዲህ የቤት ሰው ነህ።»

እጃቸውን ስሜ ይቅርታ ስጠይቅ ግን ሌላ ነገር አስጨነቃቸው። ለካ ከኦፕራሲዮኑ እንደነቁ ሊበን ላሉ ሽማግሌዎች በስልክ፣ ወደ ቢላ የገቡት የታመመ አማቻቸውን ለማደፋፈር ብለው መሆኑን ተናግረው ኖሯል። ወሬው በየውኃው ጉድጓድ ተወርቷል፤ ተመርቀዋል። አሁን በሽተኛው ደህና ነበር ቢባል፣ በገዛ አማቹና በገዛ ልጁ ተታሎ የተቀደደ ሽማግሌ ሊሆኑ ነው። ጥቂት አሰቡና ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ቀስ ብለህ ዳን» አሉኝ። «ቶሎ ከዳንክ ይጠረጥራሉ።»

ይኸው እየዳንኩ ነው። የቼዝ ክበቡን አሁንም እመራለሁ፤ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ ያሸንፈኛል። ወተቱ አልቋረጠም። ሰው ፊት አልስቅም፣ አልሮጥም፣ ጀሪካን አላነሳም፤ ይህንን የመጨረሻውን እንኳ ወድጄዋለሁ፤ ሎኮ ግን መጥላት ጀምራለች።

ባለፈው ቅዳሜ ሊበን እሳቸው ቤት ሄደን ሳለን አንዲት ጥጃ አጥር ጥሳ ወጣች። እኔ ረሳሁትና ብድግ ብዬ ሮጥኩ። ሜዳውን አቋርጬ፣ ቁጥቋጦውን ዘልዬ፣ ጆሮዋን ይዤ እየጎተትኩ ስመለስ ትንፋሼ ምንም አልተዛባም። ቀና ስል ሽማግሌዎቹ በሙሉ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ያዩኛል። አማቴ መሀላቸው ናቸው። እሳቸው ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«ስንት ጊዜ አትሩጥ ብዬዋለሁ» አሏቸው። «አሁን ሳምንት ሙሉ ሊተኛ ነው።»

ተኛሁ።